ማስተዋል ያልጠየቃቸው ሰው

ማስተዋል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ወደ ሆስፒታላችን ሲመጣ እኔ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርሁ። የፎገራ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከወረታ ወዲያ ሩዝ ያመርታሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው የጤና አመራር ነው። ትምህርቱ ረጅም ቢሆንም ለእኛ ያስረዳን በአጭሩ ነበር።

«አለቃ የሚሠራውን ሰው ምን ጎደለህ ብሎ መጠየቅ አለበት» አለን። «ጉድለት የነገረኝን አመሰግናለሁ እንጂ አልቆጣም።»

እውነትም በየማለዳው ቢሮው ሳይገባ ይዞራል። ከካርድ ክፍል ይጀምርና ማዋለጃውን አልፎ እስከ እኛ ጓሮ ይደርሳል። የወጥ ቤቷ ሠርካለም አፏ አያርፍም።

«አንተ፣ ቢሮ አልሰጡህም እንዴ?» ትለዋለች።

«ሰጥተውኛል። እዚያ የሚታመም ሰው አጥቼ ነው።»

እኔን ሲጠይቀኝ አፍሬ ሁለት ቀን ዝም አልሁት። በሦስተኛው ቀን የማስጫው ገመድ ረግቦ አንሶላው ጭቃ እንደሚነካ ነገርሁት። ከሰዓት በኋላ አዲስ ገመድ ይዞ መጣና ራሱ ወጠረው። እጀታውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ነዶ እንደሚያስር ሰው በጉልበቱ ደግፎ ነበር የቋጠረው።

አንድ ሰው ብቻ አይጠይቅም፤ የመጋዘን ኃላፊውን ጋሽ ደሞዝን። የክርስትና አባቱ ናቸው። መጋዘኑ ደጃፍ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ ጋሼ?» ይልና ያልፋል። እሳቸውን ምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ እንደ መቆጣጠር ሆነበት። እሳቸው ደግሞ ሳይጠየቁ ጉድለት ማውራት ልጁን ማስጨነቅ መሰላቸው። ሁላችንም በየቀኑ እናይ ነበር። ሲያምር አልን እንጂ ክፉ ነገር አልታየንም።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ አላባራ አለ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የባሕር ዳሩን አስፋልት ሸፈነው፤ መብራትም ጠፋ። በዚያው ቀን ጧት ገላነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ትንፋሽ አጠረው። አዋላጇ ንጋት ኦክስጅን አደረገችለት፤ ረፋዱ ላይ ግን ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሆነ። ማስተዋል ወደ መጋዘን ሮጠ። እኔ የታጠበ ጨርቅ አቅፌ እዚያው ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሲሊንደር ይስጡኝ።»

ጋሽ ደሞዝ የቁልፉን ቀለበት በጣታቸው አዞሩት። «የለም ልጄ። ካለቀ ሳምንት ሆነው።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

አነጋገራቸው የቁጣ አልነበረም። ሁለቱም እኩል ደነገጡ። ማስተዋል ባሕር ዳር ደወለ፤ ሲሊንደር የጫነ መኪናም ተነሣ። ሐሙሲትን አልፎ ጉማራ ላይ ውሃው አቆመው። ሾፌሩ በስልክ «ማዶው ይታየኛል፣ መሻገሪያ ግን የለኝም» አለው። ማስተዋል ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሚጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረም።

ንጋት በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ ፊኛ አመጣች። ነርሶቹ ተፈራረቁ። ሲደክማቸው ማስተዋል «እኔንም አሳይኝ» አላት።

«በቀስታ። ደረቱ ከፍ ሲል ልቀቀው።»

ጨመቀ። ልጁ ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ነበር፤ እኔ ያጠብሁት ነው፣ ጠርዙ ተተልትሏል። ሠርካለም ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጋሽ ደሞዝ ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ንጋት ማዳመጫውን ከልጁ ደረት አነሣች። ራሷን ነቀነቀች፤ ማስተዋል ግን አልቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ይላል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ጉድለት ንገሩኝ ያለንን ሰው፣ ልጁ ዐርፏል ብሎ የሚነግረው ከመካከላችን ጠፋ።

ገላነሽ ከአልጋዋ ተንጠራርታ የእጁን አንጓ ያዘችው። ጥፍሯ ሥር የሸክላው አፈር ገና አልለቀቀም ነበር።

«ተወው በቃ፣ ወንድሜ» አለችው። «ደክሞሃል።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው እሷ ናት።