ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ክፍል

አዲስ የስልክ ካርቶን በምላጭ ስቀድ ከውስጡ የሚወጣ ሽታ አለ፤ የፕላስቲክ፣ የነጭ ፎም፣ ገና የማንም እጅ ያልነካው ዕቃ ሽታ። ሌላው ነጋዴ ይህ ሽታ ሲደርሰው ትርፉ ይታየዋል። እኔን ግን እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ አንደኛ ክፍል ወደተማርኩበት ትምህርት ቤት ይመልሰኝና ደሜን ያፈላዋል። ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን ንዴት እንደ ብስኩት የሚያበቃበት ቀን አይታተምበትም።

አባቴ ከድንበሩ ማዶ መጥቶ የከፈታት፣ የአገሩ ሰው ዱካ የሚላት ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ይሸጥባት ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፤ ዕቃ ሳይሞከር ከዚያ ቤት አይወጣም። ከኦቦ ገጠር በጭነት መኪና መጥታ፣ መኪናው ክላክስ እያደረገባት የምትጣደፍ ሴት እንኳ ብትሆን፣ ባትሪ ድንጋዩን ከትቶ የእጅ ባትሪውን በእጇ ያስይዛትና «እናቴ፣ ራስሽ ተጫኚው» ይላት ነበር። «እኔ ስጫነው ቢበራ የእኔ ብልጠት ነው፤ አንቺ ስትጫኚው ቢበራ ነው ዕቃው ደህና የሆነው።» እኔም ፊደል ሳልቆጥር በፊት ይህን ሕግ ቆጥሬ ነበር።

ትምህርት የተጀመረው እንደ ኬንያው ደንብ በጥር፣ አቧራው ከሰው ቀድሞ ቤት በሚገባበት በበጋው ነበር። አስተማሪያችን ቲቸር ዳኪ ትባል ነበር፤ የቦረና ልጅ፣ ከሶሎሎ የመጣች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ስልሳ ልጅ ጸጥ የምታሰኝ ሴት። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ስለነበር «እቤታችሁ የሚጣለውን አምጡልኝ» አለችንና እኛም የለስላሳ ቆርኪ፣ የሻይ ቅጠል ባዶ ካርቶን፣ የክብሪት ቀፎ ለቃቅመን አመጣንላት። በክፍሉ ጥግ ሁለት ብሎኬት አቁማ ጣውላ አጋደመችበትና ሱቅ ሆነ። ድመራና ቅነሳ የተማርነው እዚያ ሱቅ በቆርኪ እየተገበያየን ነበር። ባለሱቋ እኔ ነበርኩ፤ ማንም አልመረጠኝም፣ ከጣውላው ኋላ ሄጄ ቆምኩ፣ አለቀ። አንዱ በስዋሂሊ ይጠይቀኛል፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ትከራከረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ሒሳቡ ግን በሦስቱም ቋንቋ ልክ ይመጣ ነበር። ባዶውን የክብሪት ቀፎ እንኳ ሳላስነቀንቅ አልሸጥም ነበር።

ትልቁ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቲቸር ዳኪ ግቢው ውስጥ የተኛውን ቀይ ጭቃ ታስለቅመንና ቁጥርና ፊደል ታሠራን ነበር። ስሜን መጀመሪያ የጻፍኩት በጭቃ ነው፤ ሰናይት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስድስት። መስኮቱ ላይ ደርቆ ሳምንት ቆየ። እናቴ ልብሴን እያጠበች «ትምህርት ነው ወይስ ሸክላ ሥራ የላክንሽ?» ትለኝ ነበር።

ዝናቡ አቁሞ ነፋሱ ሲበርድ ኮምፒውተሮቹ መጡ። ስድስት ነበሩ። ሩቅ አገር ያሉ ለጋሾች ለአንደኛ ክፍል ልጆች ብለው የላኩት ነው ተባለ። ካርቶኖቹ ሲቀደዱ መስኮቱ ላይ ተደራርበን ቆመን ያን ሽታ እስኪያዞረን ማግነው። ጣሪያው ላይ ሶላር ተሰቀለ፣ የግልገል ያህል የሚከብድ ባትሪ ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጠ፣ በሩ የብረት ሆነ። ሄድማስተሩም፣ ርእሰ መምህሩ፣ አሰልፎን «እዚህ ክፍል ጫማ አውልቃችሁ፣ እጃችሁን ኋላችሁ አጣምራችሁ ትገባላችሁ፤ አቧራ ጠላቱ ነው» አለን። እኛ ጫማ የሚወለቅበትን ቦታ እናውቃለን። እኔ ከቤተ ክርስቲያን፣ ጓደኞቼ ከመስጊድ። ጫማ ወልቆ በሚገባበት ቦታ ልጅ ምንም እንደማይነካ ማንም ሊነግረን አላስፈለገም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ኮምፒውተሩ በራ። ቲቸር ዳኪ በስም ዝርዝሩ እየጠራች አንድ በአንድ አስቀመጠችን፤ ልጁ ስሙን ይጽፋል፣ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ሁላችን እንስቃለን። ጉዮ የሚባለው ልጅ ጋ ሲደርስ ደወል ተደወለ። በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ የእኔ ስም ከመጨረሻዎቹ ነው። «ሰናይት፣ ነገ አንቺ ትጽፊያለሽ» አለችኝ። በማግስቱ በሩ ተቆልፎ ነበር። በሳምንቱም። ቁልፉ ያለው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነው ተባለ።

ቲቸር ዳኪ ምን ታድርግ፣ ከአባቴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን አስመጥታ ለእያንዳንዳችን ቆረጠችና ኪቦርድ ሣለችልን። «በሩ ሲከፈት ጣታችሁ መንገዱን ያውቃል» አለችን። እኔም ካርቶኔን ከአባቴ ባንኮኒ ሥር ይዤ እየገባሁ እነዚያን ስድስት ፊደላት ዓይኔን ጨፍኜ እስክመታ ድረስ ወቀጥኳቸው። ከግድግዳው ወዲያ ስድስት ኮምፒውተር ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል፤ ከግድግዳው ወዲህ ስልሳ ልጅ የሳሙና ካርቶን ይነካል። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው ደመወዝ ይበላበት ነበር።

የሀጋያ ዝናብ፣ የጥቅምቱ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር ለጋሾቹ ሊጎበኙ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሄድማስተሩ ክፍላችን ገብቶ ዙሪያውን አየና ሱቃችንን «ይህ ቆሻሻ ይነሳ» አለ። ካርቶኖቹ ግቢው ውስጥ ተቃጠሉ። ቆርኪዎቹን ቲቸር ዳኪ በጆንያ ሞልታ «አባትሽ ያስቀምጥልን» ብላ አሸከመችኝ።

የጉብኝቱ ቀን እግራችንን ታጥበን ገባን። ስድስት ልጆች ተመርጠው ተቀመጡ፣ እኔ አንዷ ነበርኩ፤ ቲቸር ዳኪ ተራዬን አልረሳችም። ጨርቁ ተነሳ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ሄድማስተሩ በጆሯችን «ንኩ፣ ዝም ብላችሁ ንኩ» አለን፤ የእንግዶቹ ካሜራ ከፊት ለፊታችን ስለነበር የእኛን ፊት እንጂ የጠቆረውን መስታወት አያነሳም። ነካን። እኔ ስሜን አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራቱም ጊዜ የትም አልወጣም።

ከእንግዶቹ አንዷ ሴት ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ። ቲቸር ዳኪ «ምን እየጻፍሽ ነው ትልሻለች» አለችኝ።

«ምንም። አልበራም እኮ።»

ሄድማስተሩ ሳቅ ብሎ ስቲማ መሄዱን፣ እስከ ትናንት ግን እንደነበር አስረዳ። በዚህ ከተማ መብራት ሄደ ያለን ሰው ማንም አይጠራጠርም። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ከወንበሩ ወርጄ ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ ከጠረጴዛው ሥር አልፌ መጋረጃውን ገለጥኩት። ሽቦው መሬት ላይ ተጋድሟል። ባትሪው የነበረበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ከዙሪያው አቧራ ተለይቶ ይታያል። «ባትሪው የለም» አልኩ። በአማርኛ አልኩ፣ በኦሮምኛ ደገምኩ፣ በስዋሂሊም ጨመርኩ። የማላውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ እንግዶቹ ደግሞ የሚያውቁት እሱን ብቻ ነበር።

ሁሉም ቲቸር ዳኪን አያት። እሷ ሄድማስተሩን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ተረጎመችው። ሦስት ቃል ብትሆን ነው።

እንግዶቹ በደብተራቸው አንድ ነገር ጻፉ፣ የታረደላቸውን ፍየል በሉ፣ ሄዱ። እኔም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያ ክፍል እንዳልገባ ተከለከልኩ።

እቤት ገብቼ ስናገር አባቴ ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። በኋላ ነው የገባኝ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቱ ኳስ ያሳይ ነበር፣ መግቢያ እያስከፈለ፤ መላ ሰፈሩ ስቲማ ሲሄድ እንኳ የእሱ ቴሌቪዥን እንደማይጠፋ ያደንቅ ነበር፣ ከአድናቂዎቹ አንዱ አባቴ ነበር። ዕቃ ሁሉ የሚሞክር ሰው ያን ቴሌቪዥን ምን እንደሚያበራው አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። «የልጄን መብራት ስመለከት ነው ለካ የከረምኩት» አላት እናቴን። ቅዳሜ አልሄደም።

ሰኞ የሱቁን የመኪና ባትሪ በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ እኔን አስከትሎ ትምህርት ቤት ሄደ። «እንሞክረው፤ ከሠራ ይቅርላችሁ» አለ ሄድማስተሩን። «ከራሱ ባትሪ ሌላ አይሰካበትም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለው። «የራሱስ የት አለ?» «ጥገና ላይ ነው።» አባቴ የብረቱን በር ጥቂት ቆሞ አየና ጋሪውን አዞረ። ሙሉ ባትሪ እየገፋን ተመለስን።

በሚቀጥለው ጥር ቲቸር ዳኪ ወደ ኦቦ ተዛውራ ነበር፤ ደህና መንገድ የሌለበት ገጠር፣ ለሦስት ቃል። እኔም ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ባንኮኒው ኋላ ገባሁ፣ የቀረውን ከገበያ ተማርኩት።

ዛሬ ሱቁ የእኔ ነው፣ ስልክ እሸጣለሁ፣ ደንበኛ ራሱ ሳይጫነው ከዚህ ቤት አይወጣም። ልጄ ሊያ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ናት፣ በሌላ ትምህርት ቤት። ያኔ ቆሻሻ ነው ተብሎ የተቃጠለብን አሁን የተግባር ትምህርት ተብሎ ይከበራል፤ ቆርኪ አምጡ፣ ካርቶን አምጡ የሚል መልእክት በየሳምንቱ ስልኬ ላይ ይደርሰኛል። የቲቸር ዳኪን ጆንያ አልጣልኩትም፣ ሊያ ከእሱ እየዘገነች ትወስዳለች። ታብሌትም አላቸው፣ አውቃለሁ፣ ስመዘግባት አሳይተውኛል።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ ካርቶን ስጪኝ፣ ታብሌት ልንሠራ ነው» አለችኝ።

«ያለው ታብሌትስ?»

«እሱ እንግዳ ሲመጣ ነው» አለች፣ ዝናብ በሚያዝያ ነው እንደሚባለው ቀለል አድርጋ።

ከመደርደሪያው አዲስ ስልክ አወረድኩ፣ ካርቶኑን ቀደድኩ፣ አበራሁትና ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። «ነይ፣ ራስሽ ተጫኚው፣ ስምሽን ጻፊበት» አልኳት። ባንኮኒውን ዞራ ልትገባ ስትል ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«አድርጊው» አልኳት። «እዚህ ጫማ አይወለቅም።»

አድርጋ መጣች። እጆቿ ግን ኋላዋ ተጣምረው ነበር። አልጎተትኳትም። ስክሪኑ ሊጠፋ ሲል በጣቴ እየነካሁ፣ እጇን እስክትፈታ ቆሜ ጠበቅኋት። ከእኔ ጊዜ የተለየው ይህ ብቻ ነው፤ የእሷ ይበራል።