ሦስት ጊዜ የተቀየረው የፍሬን ሸራ

መስቀል ሊደርስ አንድ ወር ከሳምንት ሲቀረው የመኪናችን ፍሬን እንደገና መጮህ ጀመረ። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያወጣውን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ሰው የታደለ ነው፤ ጥርስ ያሳክካል። ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ሆነው ጆሯቸውን ይይዛሉ። አባቴ መሪውን ይዞ ምንም እንዳልሰማ ወደ ፊት ያያል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የመለዋወጫ ነጋዴዎችን ዘር ማንዘር በሆዴ እረግማለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሸራ ቀይሬያለሁ። ይሄ ጩኸት ሦስተኛውም አለቀ ማለት ነው።

መኪናዋ የቤተሰብ ናት፤ ከፍ ያለች፣ ባለ ሰባት መቀመጫ፣ ከእኛ በፊት ሁለት ባለቤት ያሳለፈች። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ አረቅጥ ያለውን ቤቱን ለዘመድ አደራ ብሎ ቡታጅራ እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ አዋጥተው ገዟት። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ሹፌሩ አባባ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ቁልፍ ሲጨብጥ እንደገና ወጣት ሆነ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እኔን መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ያወርደኛል፣ በገበያ ቀን እንሴኖ ይወስደናል። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ግን አባባ የሚፈቅድልኝ ከተማ ውስጥ ብቻ ነበር። ዳገትና ቁልቁለት የእሱ ነው።

ከሁሉም በላይ የመስቀል መንገድ የእሱ ነበር። በእኛ አገር ሰው የትም ይኑር የት፣ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። አባባ ደግሞ መሪ ሳይጨብጥ ገብቶ አያውቅም። በደህናው ዘመን የጭነት መኪናውን ባዶውን እየነዳ ይገባ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ጥሩንባውን ከሩቅ ይለየዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ መግባቱ ሳይሆን መመለሱ ነበር። ከአረቅጥ ደጋ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ለሌለው መኪና ምሕረት የለውም፤ ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆቼ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሸራ የገዛሁት እዚሁ ቡታጅራ ነበር። አራት ወር ሳይሞላው አለቀ። "ርካሽ ገዝተሽ ነው" አለኝ አባባ። ሁለተኛውን "ኦሪጅናል" ብለውኝ ወልቂጤ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ አመጣሁ። እሱም ሲያልቅ የተበላውን ሸራ በፌስታል ቋጥሬ ተመልሼ ሄድኩና ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። በሰው ፊት ያልተናገርኩት ነገር አልነበረም። ሻጩ ሽበታም፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

"እህቴ፣ ወላሂ ከዚሁ ካርቶን የወሰዱ የሚኒባስ ሹፌሮች ዓመት እየነዱበት ነው" አለኝ።

"እነሱ በጸሎት እየቆሙ ይሆናላ!" አልኩት። ሌላ ሸራ ከመደርደሪያ አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ያ ነው እንግዲህ አሁን የሚጮኸው።

አንድ ጥርጣሬ ነበረኝ። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር የእኛ አካባቢ ሹፌሮች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ባዶ፣ አድርገው መኪናውን እንዲሁ በራሱ ያንደረድሩታል። ነዳጅ የቆጠቡ ይመስላቸዋል። ሞተሩ ስለማይዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አባባን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ባለፈው በዚሁ ነገር ከአንቺ ጋር ከተጣላን ወዲህ ፎሌ አውርጄ አላውቅም" ብሎ በእናቴ ነፍስ ማለ። በእሷ ነፍስ በውሸት አይምልም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ቤተሰቤ ይህን ተረት የሚተርተው በእኔ ነው። ያን ቀን ግን ሞኝነቴን ወደድኩት። አራተኛ ሸራ ከመግዛቴ በፊት ጎማውን በእጄ ፈትቼ፣ የሚበላውን ነገር በዓይኔ አያለሁ ብዬ ወሰንኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና መኪናዋን ከከተማው በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ይዣት ሄድኩ።

ጋራዡ የአንድ የመስቃን ሰው ነው፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቆቡ ከዘይት ብዛት ቀለሙ የማይታወቅ። አሰላሙ አለይኩም አልኩትና የምፈልገውን ነገርኩት። ራሱን አከከ።

"ሴት ክሪክ ስታነሳ አይቼ አላውቅም" አለ። "ግን መኪናዋ ሴት መሆንሽን በምን ታውቃለች? ያዢ።"

መጀመሪያ ቡሎኖቹን መሬት ላይ እያለች አላላን፣ ከዚያ በክሪክ አነሳናት። እንዳትወርድ ከሥሯ ግንድ አስገባ። ጎማው ሲወጣ ዲስኩን ያቀፈውን ብረት እንዴት እንደምፈታ፣ ሸራዎቹን እንዴት እንደማወጣ፣ ፒስተኑን በቀስታ ወደ ውስጥ እንዴት እንደምገፋ አሳየኝ። በቀኝ እሱ ሠራ፣ በግራ እኔ ደገምኩ። ጥፍሬ ተሰበረ፣ ቀሚሴ ተበላሸ፣ ግድ አልነበረኝም። የወጡት ሸራዎች አራቱም እኩል ሳስተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ይፈረፈራል። ዲስኩ ላይ ደግሞ እሳት ላይ የከረመ ብረት የሚያወጣው ዓይነት ሰማያዊ ጥላ ነበር።

ባለጋራዡ ሸራውን አገላብጦ አየና "ይሄ ደህና ዕቃ ነው" አለ። "ተፍቆ አይደለም ያለቀው፣ ተቃጥሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይለቀቅ ይውላል።"

የወልቂጤው ሰውዬ ፊት ትዝ አለኝና ጆሮዬ ጋለ። "ፍሬኑ ነዋ የማይለቀው" አልኩ ቶሎ ብዬ። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ፈተሸው፤ ፒስተኑ ይመለሳል፣ ፔዳሉ ይነሳል፣ ቱቦው አልተዘጋም፣ የፍሬን ዘይቱም ንጹሕ ነው።

"መኪናዋ ጤነኛ ናት። ማን ነው የሚነዳት?"

"አባቴ።"

"እንግዲያው እሳቸውን አምጪልኝ። እግራቸውን ልየው።"

ተቆጣሁ። "አባቴ መኪና የነዳው አንተ በእግርህ ሳትሄድ ነው" አልኩት።

"ለዚህ እኮ ነው እግራቸውን ያልኩሽ" አለ ሳይቆጣ። "አዲስ ሸራ እገጥምልሻለሁ። ቁልፉን ግን እሳቸው ካልመጡ አልሰጥሽም። ልጆች ትጭናላችሁ።"

በእግሬ እየተነጫነጭኩ ቤቴ ገባሁ። አባባ በረንዳው ላይ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ግቢው መሃል አንድ ነጠላ ጫማ ወድቋል። ዝቅ ብዬ እግሩን አየሁ፤ የግራው ጫማ አድርጓል፣ የቀኙ ባዶ ነው። ከጠጠሩ ላይ ተራምዶ መጥቶ ጫማው እንደወለቀ አላወቀም። ስኳር ካለበት ስምንት ዓመቱ ነው። አንስቼ አጠለቅኩለት፤ "ወለቀ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ማታ ግን እህል አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ "ባለጋራዡ አንተን ይፈልጋል" አልኩት። ሊያማክረኝ ነው ብሎ ኮቱን ለበሰ። ያን ኮት ሲቆልፍ ሳየው ውሸታም የሆንኩ መሰለኝ፤ ግን ወደኋላ አላልኩም።

ባለጋራዡ በአክብሮት ተቀበለው፣ በሩን ከፈተለት፣ ሞተሩን እንዲያስነሳ ለመነው። ከዚያ እኔን ጠርቶ ከመኪናዋ ኋላ አቆመኝ።

"አባቴ፣ ይርገጡልኝ።"

ሁለቱ ቀይ መብራቶች ቦግ አሉ።

"ይልቀቁ።"

መብራቶቹ አልጠፉም።

"ለቀቅኩ" የሚል የአባቴ ድምፅ ከፊት መጣ።

ባለጋራዡ ወደ እኔ ዞረ። መናገር የእኔ ድርሻ እንደሆነ ገባኝ።

"አባባ፣ መብራቱ በርቷል።"

"ለቅቄዋለሁ እኮ።"

"በርቷል አባባ።"

"አምፖሉ ተበላሽቶ ይሆናል።"

ከኋላ መስታወት አሻግሬ ሳይ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ወደ ታች አዘነበለ፤ እግሩን እያየ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጉልበት በሁለት እጁ ያዘና እግሩን እንደ ዕቃ አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠው። መብራቱ ጠፋ።

ሄጄ በሩን ስከፍት ቀና ብሎ አላየኝም። "ካለፈው መስቀል ወዲህ ነው" አለ። "እስከ ጉልበቴ የእኔ ነው፤ ከዚያ በታች የማን እንደሆነ አላውቅም። ነዳጅ ስሰጥ ፍሬኑንም አብሬ ልርገጠው አይታወቀኝም።"

"ልጆቼን ጭነህ?"

"እየተጠነቀቅኩ ነው የምነዳው። እግሬን እያየሁ ነው የምረግጠው።"

"እግርህን ስታይ መንገዱን ማን ያያል?" አልኩት። ጮክ ብዬ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ተናግሬው አላውቅም። ማዘኔ ከቁጣዬ በለጠ እንዳልል፣ ያኔ ቁጣዬ ነበር የበለጠው። ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ነጋዴውን ስሰድብ ዝም ብሎ አይቷል። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው፣ ወርዶ በመኪናዋ ፊት እየተደገፈ ዞሮ በሌላኛው በር ገባ።

በዚያ ሳምንት ሐኪም ጋ ወሰድኩት፤ መድኃኒቱ ተቀየረለት፣ ጫማው ተቀየረለት። ወልቂጤ ደውዬ፣ የአባቴን ሕመም ነግሬ፣ ሻጩን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ "አላህ ይማራቸው" ብቻ አለኝ። ከዚያ መንገዱን መለማመድ ጀመርኩ። ከሥራ ስወጣ፣ ልጆቹን ጎረቤት ትቼ፣ አባባን ብቻ ጭኜ ዳገቱን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መጀመሪያ አኩርፎ በመስኮት ያይ ነበር። በአራተኛው ቀን አላስቻለውም። "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" አለ። "ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬን የምትነኪው ነክተሽ ለመልቀቅ ነው።" አዲሱ ሸራ አልጮኸም።

የመስቀል ሰሞን አረቅጥ ደረስን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ውሸት ሳዘጋጅ ነበር፤ ደክሞት ነው፣ ዓይኑን አሞት ነው እላለሁ ብዬ። ግቢው በር ላይ መኪናዋ ስትቆም ዘመዶቻችን እንደ ልማዳቸው ወደ ግራው መስኮት መጡ፤ ሁልጊዜ እሱ የሚገኘው እዚያ ነው። እኔን ሲያዩ ግራ ተጋቡ። የዘረጉትን እጅ ሰብስበው፣ በእኛ ወግ ሰላምታ ከታላቅ ነውና፣ በመኪናዋ ፊት ዞረው ወደ አባባ ሄዱ። አንዱ ሽማግሌ "ምነው፣ ታመምክ እንዴ?" አለው።

እኔ አፌን ከፈትኩ። አባባ ቀደመኝ።

"እግሬ አይሰማም። ከእንግዲህ አልነዳም" አለ፣ ከኋላ የቆሙት እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። እጁን ለሽማግሌው አልሰጠውም። "ያን ሁሉ ገደል ያሻገረችን እሷ ናት። መጀመሪያ እሷን ሰላም በሉ።"

ትንሽ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሰው ወደ እኔ ዞሩ፤ እጃቸውን በሁለት እጄ እየያዝኩ፣ እንባዬን መጥረጊያ አጥቼ፣ ሁሉንም ጨበጥኳቸው። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር።