ለሠርጉ የተፈታው ጠመንጃ

ዓረብ አገር፣ ሲብ በሚባል ከተማ በሠራተኝነት የምኖርበት ቤት ባለቤት ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተሰቡ ሁሉ «ባባ» ስለሚላቸው እኔም ባባ አልኳቸው፤ ሚስታቸውን ደግሞ ማማ። ኮሮና ሲገባ አራቱ ወንዶች ልጆቻቸው አባታችንን እንዳናስይዝ ብለው ከደጅ ቀሩ። ምግብ በር ላይ አስቀምጠው፣ በመስኮት እጃቸውን አውለብልበው ይሄዳሉ። እኔ ግን ገበያም እወጣለሁ፣ ቆሻሻም እደፋለሁ፣ ባባንም አበላለሁ። ቫይረሱ በሠራተኛ በኩል እንደማያልፍ በምን እንዳወቁ አልነገሩኝም።

ባባ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ጠመንጃ አላቸው። ሠርግ ወይም በዓል ሲቃረብ ከግድግዳው ወርዶ ይፈታል፣ ይወለወላል፣ ያለቀ ነገር ካለው ይቀየርለታል። ይህ የልጆቹ ሥራ ነበር። በዚያ ዓመት የልጅ ልጃቸው ሠርግ ሲደርስ ግን የሚፈታ ጠፋ። የባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ካቻቪቴውን አምጪ» አሉኝ።

«ባባ፣ እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም።»

«የማማን የስፌት መኪና ማን አስተካከለው? ይሄም ብረት ነው። ያላ፣ ፍቺው።»

ጥይት እንደሌለው አሳዩኝና ምንጣፉ ላይ አሮጌ አንሶላ አነጠፍን። እሳቸው በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኔ እፈታለሁ። የማንገቻው ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ የውስጡ ሞላ ደግሞ ላልቷል። ባባ ሞላውን ጫን ለቀቅ አድርገው «ኻላስ፣ ይሄ ሞቷል» አሉ።

መለዋወጫው ያለው ሩቅ ከተማ፣ ኒዝዋ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ለአትክልት መኪና ግን ክፍት ስለነበር አንድ ዘመዳቸው ሞላውንና ቆዳውን የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ከትቶ እኛ አቅራቢያ እስካለው የአል ሙዋሌህ አትክልት ገበያ ላከው። ሄጄ ተቀበልኩ።

ማማ በዚያ ሰሞን ከውጭ የገባን ነገር ሳያጥቡ አያሳልፉም። ቲማቲሙንም ሞላውንም አንድ ላይ ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፉት። ባባ ሲያዩ ራሳቸውን ያዙ።

«ሴትዮ፣ ብረት ይዝጋል እንጂ አያስለውም።»

ሞላውን በፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁትና ዘይት ቀባሁት። ልገጥመው ስል ከጣቴ አምልጦ ሶፋ ሥር ገባ። ልጆቻቸው እንኳ የማይጠጓቸው ሽማግሌ ከጎኔ በደረታቸው ተኝተው በባትሪ ፈለጉ። ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ገጥመን ስናበቃ ቃታውን በባዶ ሳቡት፤ ቀጭ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ሳቡት፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሠርጉ በሙሽራው አባት ሳሎን፣ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ሆነ። ተኩስ የሚባል ነገር የለም። ባባ እቤት ቀርተው በስልክ ተካፈሉ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃውን በአዲሱ ማንገቻ አንግተው ፍሪጁ አጠገብ ቆሙ፤ ስልኩን እኔ ያዝኩላቸው። ረጅም ምርቃታቸውን ሲጨርሱ ከወዲያ አንዱ ልጃቸው «ባባ፣ ድምፅዎ አልተሰማንም» አለ። እንደገና መረቁ።

በማግስቱ ጎጃም ላለው አባቴ ደውዬ ነገርኩት። አባቴ የራሱን ጠመንጃ እንኳን እኔን እናቴንም አስነክቶ አያውቅም።

«ሰውዬው ወንድ ልጅ የላቸውም?»

«አራት አላቸው፣ አባዬ። በሽታውን ፈርተው ነው።»

«ለመሆኑ ተተኮሰ?»

«አልተተኮሰም።»

«እንዴት ይተኮሳል፤ ሴት ፈታታው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞላው ግን... እዚያ እንደ ልብ ይገኛል? የእኔም ላልቷል።»

ኒዝዋ እንዳለ እያወቅሁ «ማፊ» አልኩት። አልገባውም። «የለም» ብዬ ደገምኩለት።