አባቴ ሳያዩት የተመለሰ ትንፋሽ

ወገኖቼ፣ ጌታ ለሳንባዬ ያደረገውን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ብወጣ ደስ አይለኝም። የምነግራችሁ ግን ደስታ ብቻ አይደለም፤ ታገሡኝ።

እኔ የስማዳ ገበሬ ልጅ ነኝ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣሁት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው፤ ቆይቼ ሾፌር ሆንሁ። ሲጋራ የያዝሁት በረዳትነቴ ነው። እንቅልፍ ያባርራል ብለው ሰጡኝ፤ እውነትም አባረረልኝ። ኋላ ግን ሳላጨስ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ባለቤቴ አንጓች ጌታን ከእኔ በፊት ያገኘች ናት። ተው ትለኛለች፣ ነገ እላታለሁ። ስንቶቻችሁ ስለ እኔ ስትጸልዩ እንደ ነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። ጌታ ይባርካችሁ።

አንድ ክረምት አባቴ ሆዳቸውን ታመው ወደቁ ተባልሁና ሄድሁ። ቤታችን ቁልቁል፣ ወንዙ አጠገብ ነው፤ መኪና አይገባም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ወደ ወገዳ ከተማ፣ ሐኪም ቤት ሊያወጣቸው ተነሣ። የበኵር ልጅ ነኝና ከፊት ያዝሁ። ዳገቱ ገና ሲጀመር ትንፋሽ አጠረኝ። ደረቴ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ እግሬ ተሳሰረ። ላወርድ አፈርሁ፤ ልሸከምም አልቻልሁ። አባቴ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆነው ቀና አሉና፣

«ልጄን ቀይሩት፣ ደረቱ አይችልም» አሉ።

በዕድሜ እሳቸውን የሚያህሉ ጎረቤታችን መጥተው ከትከሻዬ ተቀበሉኝ። እኔ የአባቴን ጫማ ይዤ ከኋላ ተከተልሁ።

አባቴ ታክመው ዳኑ፤ ስሙ ይባረክ። እኔም እዚያው ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። ደረቴን አዳመጠ፣ ራጅ አስነሣኝ። ሳንባህ ተጎድቷል፣ የተበላሸው ሁሉ አይመለስም፤ ዛሬ ብታቆም ግን የቀረው ራሱን ማጽዳት ይጀምራል አለኝ። መጀመሪያ ሳሉ ሊብስብህ ይችላል፣ አክታውን እያወጣ ነውና አትደንግጥ አለኝ። ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ሰምቼም አላቆምሁም። እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ ድረስ ነገ፣ ነገ አልሁ።

አንድ እሑድ አንጓችን ተከትዬ እዚህ መጣሁ። ስትዘምሩ ልዘምር አፌን ብከፍት ሳል ቀደመኝ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተንበረከክሁና፣ ጌታ ሆይ፣ እኔ አልቻልሁም፣ አንተ ያዘኝ አልሁት። በዚያ ቀን ሕይወቴን ሰጠሁት። ሲጋራው በዚያው ቀን ከልቤ ጠፋ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በትንሽ ትልቁ እቆጣለሁ፣ ሳሉም ሐኪሙ እንዳለው ባሰብኝ። አንጓች እየጸለየች ትኩስ ውኃ ታጠጣኝ ነበር። ጌታ ያዘኝ፤ ተመልሼ አላጨስሁም።

በዚያው መካከል አባቴ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ሌሎች ተሸከሙት። እኔ እየሳልሁ ከኋላ ሄድሁ፤ ሰው ለቅሶ መሰለው።

ወራት ሲያልፉ አክታው ቀነሰልኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ። በተከታዩ በጋ እናቴን ጠይቄ ስመለስ ያን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። የገባኝ ጫፉ ላይ ከደረስሁ በኋላ ነው። ጌታን አመሰገንሁ፤ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሐኪሙ በነገረኝ ቀን እሺ ብል ኖሮ አባቴ ባዩልኝ ነበር። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ ይህን አምናለሁ። ቁጭቱ ግን አብሮኝ ይኖራል።

ዛሬም ብርድ ሲመታኝ ደረቴ ያፏጫል። በቀረልኝ ሳንባ አመሰግነዋለሁ፤ ከሚገባኝ በላይ ነው የመለሰልኝ። እዚህ መካከል ሲጋራ በኪሱ ይዞ የተቀመጠ ወንድም ካለ፣ አትፈር። ሐኪምም ዘንድ ሂድ፣ ጌታንም ጥራ፤ የታመነ ነው፣ አይጥልህም። ሲከብድህ ብቻህን አትሁን፣ ወደ እኔ ና። አባትና እናት ካሉህ ደግሞ ዛሬ ይሁን፤ በሕይወት እያሉ ይዩልህ።