ቆቋ የጠጣችው ቅቤ

የቆቅ ሥጋ ደረቅ ነው። ስትሮጥ የምትውል ወፍ ስብ ከየት ታምጣ! እንደ ዶሮ በሽንኩርትና በውሃ እሠራታለሁ ያለ ሰው ገመድ ሲያኝክ ያመሻል። ቆቅ ቅቤ ትፈልጋለች፤ መጀመሪያ ጥሬው ሥጋ ላይ ይታሻል፣ ከዚያ ድስቱ ተከድኖ በቀስታ እሳት ቅቤውን እየጠጣች ትበስላለች። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ቅቤ በጠፋበት ዘመን ምን እንደሚደረግ ግን አልነገረችኝም።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ታናሽ እህቴ ሙጃ ከተማ አጠገብ፣ ባሏ ቤት ወለደች። ኧረ ምን ጊዜ መረጠች! ላሞቹ አልቀዋል፤ ጎረቤቱ ግማሹ በመኪና ወደ ሠፈራ ተጭኗል፣ ግማሹ ጋሸና እህል ይታደላል ሲባል ሰምቶ ሄዶ እዚያው መንገድ ዳር ቀርቷል። እኔ ላርሳት ሄድኩ። ማረስ አልኩት እንጂ በምን ላርሳት? ለገንፎ የሚሆን ዱቄት እንኳ አልነበረም።

ጭንቃችን ሁሉ ጡቷ ነበር። ሕፃኗ ትጎትታለች፣ ትጎትታለች፣ ጠብ የሚል የለም። ማልቀሱንም ትታ እንደ ድመት ግልገል ታቃስት ጀመር። እናትየዋ ቅባት ያለው ነገር ካልቀመሰች ወተት እንደማይመጣ፣ ወተት ካልመጣ ልጅቷ እንደማትተርፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ቅቤ ነበረን፤ የሞተችው ላም የመጨረሻ ቅቤ፣ በትንሽ ቅል። እህቴ ለሕፃኗ እርግብግቢት ብላ አስቀምጣዋለች። በየጠዋቱ በጣቷ ጫፍ ነካ እያደረገች አናቷን ትቀባታለች። «እሱን አትንኩብኝ» ብላናለች።

ባሏ ጠመንጃ የለውም፤ መንግሥት ከወሰደበት ቆይቷል። የፈረስ ጭራ ገምዶ ወጥመድ ሠራና ገደሉ ሥር አጠመደ። ስንት ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ። አንድ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግን ቆቅ ይዞ ገባ፤ አንገቷ ተቆርጧል፤ በስመ አብ ብሎ አርዷታል አልኩ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! እልል ልል አፌን ከፍቼ፣ አላፊ አግዳሚ እንዳይሰማ ብዬ መልሼ ዋጥኩት።

«በይ ቅሉን አምጪ» አልኳት እህቴን።

«እታለም፣ የልጄ ነው እኮ!»

«አንቺ ቂል፣ በአናቷ ትጠባለች እንዴ? በጡትሽ በኩል እናድርስላት።»

ፈገግ አለችና ሰጠችኝ። ከወለደች ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቆቋን በፈላ ውሃ ነክሬ ነጨኋት፣ በጨው አጠብኳት፣ ቅቤውን እየጠረግሁ አሸኋት። መጨረሻ ላይ ቅሉን በሙቅ ውሃ አለቅልቄ እጣቢውንም ድስቱ ላይ ደፋሁት። ቤቱ ዓመት በዓል ዓመት በዓል ሸተተ። እህቴ ማንም ሳይደግፋት ተነስታ ተቀመጠች። ባሏ ግን ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆሟል። አሳዘነኝና «ና እንጂ አንተም መረቁን ቅመስ» አልኩት።

«በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልኩ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፏ ሳደርስ ባሏ ዞረ።

«አትብዪ» አላት። «ስደርስ ሞታ ነበር። ውርጩ ገድሏታል። ካራዬን ያሳረፍኩት በድኗ ላይ ነው፤ ደም አልወጣትም።»

በክት! ሳይታረድ የሞተ ነገር እኛ ዘንድ እንኳን ሊበላ ስሙም በደህና አይነሳ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ይቆረጥ! ወይ ባላመጣሃት፣ ወይ ዝም ባልክ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ዝም ልል ነበር» አለ፤ እንባው ይወርዳል። «ለራሴ ቢሆን እበላት ነበር። የእሷን ነፍስ እንዴት ላስኰንን?»

እህቴ ምንም ያልነካውን አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ለመንኳት፤ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ሥጋው ይቅር፣ መረቁን ብቻ ፉት በይ፣ ቅቤው ምን በደለ አልኳት። «ተዋህዷል፣ እታለም» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ድስቱን ወስጄ ገደል አፋፍ ላይ ደፋሁት። ይቅር ይበለኝና ያን ቀን ፈጣሪዬንም በክፉ ተናግሬዋለሁ።

ሕፃኗ ብዙም አልቆየች፤ ሳትጠመቅ ሞተች። ባሏ ብቻውን ቆፍሮ ቀበራት።

የንስሐ አባታቸው በየመንደሩ ሲያስቀብሩ ከርመው ዘግይተው መጡ። እህቴ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ባትበላም ሽታው አስጎምጅቷት ስለነበር ለእሱ ንስሐ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሟት።

«ልጄ፣ አራስ ነበርሽ፤ ቀኑም ክፉ ነው» አሏት። «ብትበዪም እግዚአብሔር ባልተቆጣሽ ነበር።»

ሊያጽናኗት ነው፤ ደግ ሰው ነበሩ። እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባቴ» አለቻቸው፣ «ይህን ባይነግሩኝ ምን ነበረበት?»