የኦሮንዛ ልጅ ዓይኖች

እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አይደለሁም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርት ቤት ብዙም ሳልቆይ ነው ያስወጡኝ። ፊደሌ ከተጣመመ፣ ነገሬም ወዲያ ወዲህ ካለ ታገሡኝ። ግን እትዬ ኦሮንዛ ሞተች፣ ስለ እሷ የሚጽፍም ሌላ ሰው አላየሁም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ሠርቻለሁ።

ሥራችን እዚህ ጣሊያን አገር፣ ሌቼ ከተማ፣ አለቃ ፓንታሌዮ ዘንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆኑ ቅዱሳንና መላእክት ከወረቀት መሥራት ነበር። እኔና እሷ ሽቦው ላይ ገለባ እየጠቀለልን ገላውን እናበጃለን። አለቃ በሙጫ የራሰ ወረቀት ያለብሱታል፣ ሲደርቅ በጋለ ብረት እየተኮሱ ያለሰልሱታል፣ ከዚያ ቀለም ይቀቡታል። እትዬ ኦሮንዛ ክንፍ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። ጨዋታም ታውቅ ነበር።

"መልአክ ማለት እንዲህ ነው፤ ሆዱ ገለባ፣ ምሳ አይል እራት አይል" ትላለች። "ምነው ባሌንም አለቃ ሠርተውልኝ ቢሆን።"

ይህ አሱንታ ሳትሞት በፊት ነው። አሱንታ አንድ ልጇ ነበረች፤ ወባ ወሰዳት። ፎቶ አልነበራትም፤ በኛ ሰፈር ፎቶ የሚነሣ ሙሽራና ወታደር ብቻ ነው። አለቃ ያን ሰሞን ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ መልአክ ጀምረው ነበር። ለለቅሶ መጡና ሳትቀበር ልጅቷን አተኩረው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ሄደው ለመልአኩ ጭንቅላት ፊቷን በሸክላ ጭቃ አወጡት። አገጯ ላይ ያለችውን ስርጉድ እንኳ አልተዉም። ቀለሙን ግን እንደ መልአክ ቀቡት፤ ፀጉሩ ወርቅ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። የአሱንታ ዓይን ጥቁር ነበር። ጥቁር ዓይን ያለው መልአክ መቼ አይተን።

በየዓመቱ በበዓሉ ቀን መልአኩን ተሸክመው ሲያልፉ የእትዬ ኦሮንዛ በር ላይ ጥቂት ያቆሙታል። ሴቶቹ "አሱንታ መጣች" ይላሉ። እያደር ልጅ ሲታመምባቸው ለእሷ ሻማ ማብራት ጀመሩ።

አዲሱ ቄስ ይህን ሰሙና መልአኩን አሸክመው ሥራ ቤት ድረስ መጡ።

"መልአክ ሴት ልጅ አይደለም። የሞተ ሰውም መልአክ አይሆንም" አሉ። "ጭንቅላቱን ቀይሩልኝ፣ የጎልማሳ ፊት ይሁን።"

"አባ፣ የዚች ሴትዮ ልጅ እኮ ናት" አሉ አለቃ።

"እኔም የምለው እሱን ነው።"

እትዬ ኦሮንዛ ከገለባው ቀና አላለችም። ቄሱ ሲወጡ ግን "አለቃ፣ ከቆረጡት አይቀር ለኔ ይስጡኝ" አለች። "ዓይኗንም ጥቁር ያድርጉልኝ። አሁን እንኳ የራሷ ይሁን።"

"ምን ዓይነት ጥቁር?" አሉ ብሩሽ እያነሡ።

ልትመልስ ብላ ወደኔ ዞረች። "ሉቺያ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ?"

"ጥቁር ነበር" አልኩ። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም።

አለቃ ጭንቅላቱን ቆርጠው ዓይኑን ጥቁር ቀቡት። ከሥራ ስንወጣ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ማናት ይቺ?" አለች።

"አሱንታ ናት እንጂ።"

"አይደለችም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ሰማያዊ ነው። እዚህ ድረስ ነው የቀቡብኝ፣ ሉቺያ" ብላ ግንባሯን ነካች። "የኔይቱ የት እንደገባች እንጃ።"

ሾርባዋን አሙቄላት ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ፣ ጭንቅላቱን በሻሿ ጠቅልላ ሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘናት። አለቃ ሲከፍቱ ገብታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ሰማያዊውን ይመልሱልኝ" አለች።

ከዚያ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለመልአኩ አዲስ ጭንቅላት አንገት የሚሆነውን ገለባ መጠቅለል ጀመረች።