ጅቡ ያላያት ጥቁር ዶሮ

አምቦ ላይ ይዘው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበረ። በሩ ሲከፈት የገብስ እብቅ ተቀበለኝና አስነጠሰኝ። አሥራ አንድ ሴቶች ባንድ አፍ «ይማርሽ!» አሉኝ። እንግዳ አቀባበል ያውቃሉ። ጥፋቴ ወንድሜ ቤቴ የደበቀው የተከለከለ ወረቀት ነበር።

ከመሀላችን አንዲት ተማሪ፣ ከተያዘች ወዲህ እህል አልወርድላት ብሎ ከስታለች። ተረት ስነግራት ግን ሳታውቀው ትጎርሳለች። ስለዚህ በየማምሻው ማውራት ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን ጎጆ ከተማ የምትኖረው አክስቴ የነገረችኝን፣ ከሁሉ የምወደውን ጀመርኩ። ጅብ የመጣባት ጥቁር ዶሮ ሰባት ፍሬ ገብስ ትጥልና ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞራ ጨለማው ውስጥ ትሰወራለች። ጅቡ ሲፈልጋት ይነጋበታል።

ለካ «ጓድ» የምንለው የእስር ቤቱ የፖለቲካ አስተማሪ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሰብስቦን አስነሣኝ።

«አንቺ! ጥቁር ዶሮ የማን ናት?»

«የአክስቴ።»

«የጠንቋይ ናት! ሰባት ፍሬውስ? ሦስት ጊዜ መዞሩስ? የቀረሽ ዶሮዋን መንታ መንገድ ላይ መጣሉ ነው፤ እሱም ላባዋ ሳይነጭ፣ የጣለው ሰው ዞር ብሎ ሳያይ!»

አዴ የምንላት አሮጊት እጇን አወጣች። «ጓድ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ የላባውን ነገር አልሰማሁም። እርስዎ የትኛው ጋ ሄደው ነው?»

ጓዱ ሳል ያዘው። ሲለቀው፣ «ወይ ዶሮዋ ቀይ ትሁን፣ ወይ ተረት ክልክል ነው!» አለ።

ተማሪዋ አየችኝ። ቁርሷ እጇ ላይ እንዳለ ነው።

«ጓድ፣ ቀይ ከሆነችማ ጅቡ ያያታል፤ ይበላታል» አልኩ። «ቀይዋን ጅብ በላት ብዬ ላውራ?»

ብዙ አሰበ። «ጥቁር ትሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን እንዳትዞር።»

ማምሻውን ተረቱን ደገምኩት። ከመዞሩ ላይ ስደርስ የጓዱን ጫማ በበሩ ሥር አየሁ። ድምፄን ሳልቀንስ «ዞረች» አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ አብረውኝ ቆጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ጅቡስ?» አለ ጓዱ ከውጭ።

አሁን ሳስበው ጓዱ እውነቱን ነበር፤ የተረቱ ዕቃ ሁሉ የጠንቋይ ዕቃ ነው። አክስቴ ከየት እንዳመጣችው ሳልጠይቃት ሞተች። መድኃኒቱ ግን ሠርቷል፤ ልጅቷ በላች።